ከአጥሩ ውጭ የቀረው ድንኳን፦ አራት ቀን በአቃቂ

ይህን የምጽፈው ከአቃቂ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የምጽፈውም አቃቂ ድረስ ለመሄድ ዕድሉም ምክንያቱም ለማይኖራቸው የከተማችን ሰዎች ነው። ቶሎ ብጽፈው ይሻል ነበር። ለምን እንደዘገየሁ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

እንደምታውቁት ሜዳችን ላይ ስታዲየም ሊሠራ ነው። እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ስለሆንኩ፣ "ሂድና ስታዲየም ሰፈርን እንዴት እንደሚለውጥ አይተህ ና፤ በስብሰባው ላይ ሪፖርት ታቀርባለህ" ተባልኩ። የተመረጠልኝ በአቃቂ፣ ከአሮጌው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ ያለ አነስተኛ ስታዲየም ነው። እሱም እንደኛው በሰፈር ኳስ ሜዳ ላይ የተሠራ ነው። ማረፊያዬ የሥራ ባልደረባዬ የደረሰ አጎት የሆኑት የጋሽ ወርቁ ቤት ሆነ።

ሐሙስ

አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው አውቶብስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሳ። ጭኔ ላይ የሃምሳ ሜትር መለኪያዬ፣ እግሬ ሥር ደግሞ ደረሰ ለአጎቱ የላከው አምስት ኪሎ ባቄላ ነበር። ከረጢቱ ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሮ በየኩርባው ባቄላ ይንከባለላል። ከፊቴ የተቀመጡ እናት እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲወርዱ አስረከቡኝ። "ቁጠረው፣ አልበላሁም" አሉኝ እየሳቁ።

ላምበረት ወርጄ በታክሲ መገናኛ፣ ከዚያ ባቡር ያዝኩ። "ስታዲየም" የሚባለው ጣቢያ ላይ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን ለመያዝ መቀየር ነበረብኝ። ስሙን ስሰማ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብዬ ትልቁን ስታዲየም ለማየት ተንጠራራሁ። የታየኝ የሰው ብብት ብቻ ነው። እኛ አገር አንድ ጋሪ ላይ አራት ሰው ሲሳፈር ጠበበን ብለን እንጣላለን። እዚህ ጠበበኝ የሚል ሰው አልሰማሁም፤ ምናልባት ለመናገር የሚሆን አየር አጥተው ይሆናል።

ቃሊቲ ስደርስ አንድ ጅል ሥራ ሠራሁ። ተሳቢ መኪኖቹ፣ አቧራው፣ ባጃጁ አዙሮብኝ ነበር። ሳልጠይቅ የተወሰነ መንገድ በእግሬ ሄድኩና ረጅም ሰልፍ አየሁ። ሰዎቹ ሁሉ ፌስታልና ምሳ ዕቃ ይዘዋል። የአቃቂ ታክሲ ሰልፍ ነው ብዬ ባቄላዬን ይዤ ከኋላ ቆምኩ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። አጠገቤ ኪዮስክ ያላት ሴት ቆይታ ቆይታ፣

"ወንድሜ፣ መታወቂያ ይዘሃል?" አለችኝ።

"ለታክሲም መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ?"

"የምን ታክሲ? ይሄ እኮ እስረኛ ጠያቂ ነው።"

እሷ ብቻ ሳትሆን ሰልፈኛውም ሳቀ፤ እዚያ የቆመ ሰው የሚስቅበት ነገር ማግኘቱ ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ኪዮስኳን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ከረጢቱን በአንድ ጎን ይዛልኝ እስከ ታክሲው ወሰደችኝ። "ገና ሳትገባ ተፈታህ" አለችና ተመለሰች።

አቃቂ ታክሲው የሚቆምበት ቦታ ላይ ጋሽ ወርቁ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታ የወጡ የሽመና ማሽን መካኒክ ናቸው። ወገባቸው ላይ አንድ ሙሉ የቁልፍ ዘለላ ስላንጠለጠሉ ከማየቴ በፊት ድምፃቸውን ነበር የሰማሁት። ቁልፎቹ የእድሩ ናቸው። ድስቱ፣ ወንበሩ፣ አግዳሚው፣ ድንኳኑ በሙሉ በግቢያቸው ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው የሚቀመጠው። የኔ አልጋ የተዘረጋውም ከዚያችው ክፍል ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጎመን በሥጋ አቀረቡልኝ፤ በቃኝ ስል ሰሙኝ እንኳ አልመሰሉም። የሸራ ሽታ እየሸተተኝ ተኛሁ። የኛ እድር ድንኳኑን በቀበሌ አዳራሽ ስለሚያስቀምጥ ከድንኳን ጋር አድሬ አላውቅም ነበር።

አርብ

ስታዲየሙን ያየሁት በዚህ ቀን ነው። ሐቁን ለመናገር ያምራል። ድሮ በክረምት ጎርፍ እየገባ የሚያስቸግረው ሰፈር ዛሬ ቦይ አለው፤ መንገዱ ኮብልስቶን፣ ማታ መብራት አለ። ከመቀመጫው ሥር ሱቆች ተሠርተዋል። አንደኛው የጋሽ ወርቁ ልጅ የሰናይት ነው፤ ጁስና የስፖርት ካልሲ ትሸጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የስልጤ ወንድማማቾች የቤት ዕቃ ሱቅ፣ ከዚያ ፀጉር ቤት ነው።

"ያለ ስታዲየሙ እኔ ዛሬም የሰው ሱቅ ተቀጣሪ ነበርኩ" አለችኝ ሰናይት የማንጎ ጁስ እያቀረበችልኝ። "አባዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ጁሴን አልጠጣም። እኔ ነኝ በር ድረስ የማወጣለት።"

እውነትም ጋሽ ወርቁ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ ውጭ ቀርተው ነበር። በሩ ትኬት አንድ በአንድ ለማየት ተብሎ የተሠራ፣ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ጠባብ የብረት በር ነው። ለምን እንደማይገቡ ስጠይቃቸው "ጉልበቴን ያመኛል" አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩን በእግራቸው ሲያዞሩኝ ጉልበታቸውን ስላላመማቸው መልሱ ገረመኝ። ግን ደግሜ አልጠየቅኩም፤ ገፍቶ አለመጠየቅ ልማዴ ነው።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሜዳውን፣ ቦዩን፣ የሱቆቹን ስፋት ለካሁ። አጥሩን ስለካ የሽቦው ጫፍ ሱሪዬን ከጉልበቱ በላይ ሸረከተው። እንግዳ አገር፣ አንድ ሱሪ ብቻ ይዞ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጭኑን በሪፖርት ወረቀት ሸፍኖ አስቡት። ያዳነችኝ የበሩ ጠባቂ የከድር ጣት ናት፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከበሩ ማዶ ወደተቀመጡት ልብስ ሰፊ ጠቆመኝ።

እትዬ ዘነበች የእጅ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን በላስቲክ ጥላ ሥር አስቀምጠው ይሰፋሉ። ጋቢያቸውን አለበሱኝና ሱሪዬን ተቀበሉኝ። እየሰፉ ስለ ባለቤታቸው አጫወቱኝ። ጋሽ መኮንን ስታዲየሙ ከመሠራቱ በፊት የሜዳው ዳኛ ነበሩ። የፋብሪካው ፈትል ክፍልና ሽመና ክፍል ሲጋጠሙ ፊሽካ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ሁለቱም ክፍል አድሏል ብሎ ስለሚሰድባቸው ትክክለኛ ዳኛ ተባሉ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ቤታቸው ከአጥሩ ትይዩ ስለሆነ ጨዋታ ሲኖር ፊሽካው ይሰማቸዋል።

"ተኝቶ ይከራከራል" አሉ እትዬ ዘነበች። "'ይሄ ምን ፋውል ነው፣ ዝም ብለው ይነፉታል' ይላል። ጨዋታውን ሳያይ።"

ሒሳብ አልቀበልም አሉ። እንግዳ ነህ፣ የወርቁ እንግዳ ደግሞ የኛም እንግዳ ነው አሉኝ። እኛ አገር ልብስ ሰፊው ተስፋዬ ለእናቱም ቢሆን ነፃ አይሰፋም፤ ይህን ሲያነብ ይቀየመኝ ይሆናል፣ ግን እውነት ነው።

ቤት ገብቼ ሪፖርቴን ጻፍኩ። ጥቅሞቹ አንድ ገጽ ተኩል ሞሉ። "የታዩ ችግሮች" በሚለው ሥር "አልታየም" ብዬ ጻፍኩና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሲነጋጋ ጡሩንባ ተነፋ። "የእድር አባሎች፣ አቶ መኮንን አርፈዋል፤ ቀብር በስድስት ሰዓት ነው።" ከግድግዳው ማዶ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ጋሽ ወርቁ ምሰሶዎቹን ብቻቸውን እያወጡ ነበር። አንዱን ተሸከምኩ። ሟቹ የሃምሳ ዓመት ጓደኛቸው መሆናቸውን የነገሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው።

ድንኳኑ ጥንታዊ ሸራ ነው፤ ካስማ መሬት ላይ ካልተመታለት አይቆምም። ቦታው ግን በስታዲየሙ አጥርና በጋሽ መኮንን ቤት መካከል ያለው የኮብልስቶን መንገድ ነው። ድንጋይ ላይ ካስማ አይገባም። በሲሚንቶ የተሞሉ የዘይት ቆርቆሮዎች አምጥተን አንዱን ጎን በእነሱ ወጠርን። ሌላውን ጎን ነፋስ እያነሳው አስቸገረ። እኔ ሳላስብ ገመዱን ወስጄ አጥሩ ላይ አሰርኩት።

ከድር ሮጦ መጣ። "ጋሽ ወርቁ፣ አጥሩ ላይ ገመድ ማሰር ክልክል እንደሆነ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"እንግዲህ እኔ ወዲያኛው በር ሄጃለሁ፣ አላየሁም።" ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ገመድ ይዞ ተመለሰ። "ያኛው ይበጠሳል፤ በዚህ እሰሩት" አለና እንደገና ሄደ። እሱም የእድሩ አባል ነው።

አግዳሚ ስንደረድር የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ተዘጋ ብለው ክላክስ ያሰማሉ፤ ሲያዩ ደግሞ ኮፍያቸውን አውልቀው ይመለሳሉ። እኔ አላስችል አለኝና ጋሽ ወርቁን ለምን ውስጥ ሜዳው ላይ እንዳልተተከለ ጠየቅኳቸው።

"ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ካስማ ይመታል? ምሰሶውስ በዚያች በር ይገባል?" አሉ። ከዚያ በጣታቸው አጥሩ የሚታጠፍበትን ቦታ አሳዩኝ። "እዚያ ጥግ ነበር የምንተክለው። የፋብሪካው ሰው ሲሞት፣ ባቡር ሠራተኛው ሲሞት፣ ሁሉም እዚያ። ድንኳን ከቆመ በመጀመሪያው ቀን ኳስ የለም። ልጆቹ ለልምምድ ይመጡና ድንኳኑን ሲያዩ ጫማቸውን ሳያስሩ ለለቀስተኛው ውኃ ይቀዳሉ። በሁለተኛው ቀን በግማሽ ሜዳ ይጫወታሉ፣ ጎል ቢገባም አይጮሁም። መኮንን ነው ሕጉን ያወጣው። ጎል ገብቶ የጮኸውን በቀይ ያስወጣ ነበር።"

"ታዲያ ሲሠራ አልተናገራችሁም?"

ቁልፎቹን ያዝ አድርገው ዝም አሰኟቸው።

"ስብሰባው ቀን ድፎ ተቆርሷል፣ ለስላሳ ተደርድሯል፣ ቄሱም ሼኩም መርቀዋል። መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነበር። 'ሜዳውን ለምን ለምን ትገለገሉበታላችሁ?' ብሎ ጠየቀን። ማይኩ እኔ እጅ ነበር። ይሄ ቁልፍም ወገቤ ላይ ነበር። 'ለኳስ ነው' አልኩት። በምርቃት መሃል ተነስቼ 'እዚያ ጥግ እናለቅስበታለን' ልበል? ሟርተኛ ነው አይሉኝም? ሌላ ሰው ያነሳዋል ብዬ ዝም አልኩ። ሌላውም እኔን አይቶ ዝም አለ።"

"ቢነገረው ይሰማችሁ ነበር?"

"ለምን አይሰማም? የባጃጅ ማቆሚያ ጠየቅነው፣ ሰጠን። የውኃ ቧንቧ ጠየቅነው፣ ሰጠን። ያልነገርነውን ከየት ያምጣው?"

ይህን ሲሉኝ የራሴ ጥፋት ታየኝ። ምክንያቱን ልናገር። በከተማችን መጠይቁን ቤት ለቤት ያዞርኩት እኔ ነኝ። "ሜዳውን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?" የሚል ጥያቄ ነበረው። ሁላችሁም "ለኳስ" ብላችሁ ሞላችሁ። እኔም ሞልቻለሁ፤ "ለኳስ" ብዬ። የአባቴን ለቅሶ ሦስት ቀን የተቀመጥኩት ግን እዚያው ሜዳ ጥግ፣ ዋርካው ሥር ነው። የእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ። አንድ ሰው እንኳ አልጻፈውም። እኔ ራሴ ስጽፍ ትዝ እንኳ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር በመልካም ወረቀት ላይ አይጻፍም ብዬ ተውኩት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጀርባችን ሞንታርቦው መጮህ ጀመረ። የሴቶች ቡድኖች የዋንጫ ጨዋታ ነበር፤ አንዱ ቡድን ከሩቅ ነው የመጣው፣ ማስተላለፍ አይቻልም። ለቀስተኛው አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከአጥሩ ማዶ ሕዝብ ያጨበጭባል። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር እትዬ ዘነበች ወደ ቤታቸው በር ዞር ይላሉ። ከዚያ ጎል ገባ። ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ ሸራው ራሱ የተነቃነቀ መሰለኝ። በድንኳኑ ውስጥ ማንም ቀና አላለም። እትዬ ዘነበች ብቻ፣ "መኮንን ቢሰማ 'ጸደቀች ወይስ አልጸደቀችም?' ይል ነበር" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔም አላለቅስም ብዬ የነበርኩት ሰውዬ፣ በሁለት ቀን ትውውቅ ከሰፈሩ ሰው እኩል አለቀስኩ።

ከድር ገብቶ ነግሯቸው ኖሮ ሞንታርቦው ጠፋ። የውድድሩ አስተባባሪ፣ ወጣት ሴት፣ ወጥታ እትዬ ዘነበች ፊት በርከክ አለች። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አላወቅንም" አለቻቸው። ጉልበታቸውን ሳመችላቸው። ጥሩ ልጅ ናት። ግን ጨዋታው ቀጠለ፤ ሕዝቡን እንደ ሞንታርቦው ማጥፋት አይቻልም።

ሲያልቅ ተጫዋቾቹ በዚያች ጠባብ በር አንድ በአንድ ወጡ። ዋንጫውን የያዘችው ድንኳኑን ስታይ ዝቅ አድርጋ ያዘችው። እኔ ዳር ቆሜ ስለነበር፣ "ማን ነው የሞተው?" አለችኝ በዝግታ።

"የዚህ ሜዳ ዳኛ" አልኳት።

ጓደኞቿን አየቻቸው፤ አንዳቸውም አያውቋቸውም። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አውቶብሳቸው ክላክስ አደረገ፣ ሄዱ። የሰፈሩን ሟች ለተጫዋች የነገርኩት እኔ፣ ሐሙስ ባቄላ ይዤ የመጣሁት እንግዳ መሆኔ እስካሁን ይከነክነኛል።

እሁድ

ጠዋት ጋሽ ወርቁ መለኪያዬን እንድይዝ ነገሩኝና ወደ ድንኳኑ ወሰዱኝ። እሳቸው አንዱን ጫፍ ያዙ። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ስምንት ሆነ።

"ጻፈው" አሉኝ። "የናንተን ስታዲየም ስትቀይሱ ይህን ያህል ጥግ ከአጥር ውጭ ተዉ። አፈር ይሁን፣ ድንጋይ እንዳይነጠፍበት። ስብሰባው ላይ ማንም አያነሳውም፤ እኔ አውቃለሁ። አንተ ተነስተህ ትናገራለህ።"

"እናገራለሁ" አልኳቸው።

"ቃልህን ስጠኝ።"

ቃሌን ሰጠሁ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ እጃቸውን ይዤ።

እትዬ አስካለ ለመንገድ ዳቦና የተጠበሰ በቆሎ ቋጠሩልኝ። ደረሰ የላከው ባቄላ ተቀቅሎ ለለቀስተኛው ቀርቦ ነበር፤ ለደረሰ ይህን ንገረው ብለው አስጠነቀቁኝ። ከድር ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸከመ። ሰናይት አንድ ጥንድ የስፖርት ካልሲ ሰጠችኝ፤ አሁን ስጽፍ አድርጌዋለሁ። በባቡሩ "ስታዲየም" ጣቢያ ላይ ስቀይር በዚህኛው ጊዜ ቀና አላልኩም።

ከተመለስኩ በኋላ

አውቶብስ ውስጥ "የታዩ ችግሮች" ከሚለው ሥር "አልታየም" የሚለውን ሰርዤ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ማክሰኞ ስብሰባው ሆነ፤ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ድፎው ተቆረሰ። ቄሱ መረቁ፣ ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ ወጣቶቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጡት። ተራዬ ደርሶ ስለ ቦዩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰናይት ሱቅ ተናገርኩ። አጨበጨባችሁልኝ። ሊቀ መንበሩ "አቃቂ ላይ ያየኸው ችግር ካለ ንገረን" አሉኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ቀና ስል ከፊት ወንበር ላይ በቅርቡ ልጇን የዳረችው እህታችን በደስታ ታየኛለች። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"የለም" አልኩ።

በማግስቱ የአጥሩን መስመር በኖራ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በፕላኑ መሠረት ቀጥ አድርጌ ሄድኩ። መስመሩ ዋርካውን ወደ ውስጥ አስቀርቶ፣ የአባቴን ለቅሶ በተቀመጥኩበት ቦታ ላይ አለፈ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል።

ባለፈው እሁድ ጋሽ ወርቁ ደወሉ። የቁልፉን ድምፅ በስልኩ ሰማሁት።

"ነገርካቸው?" አሉኝ።

"ነገርኳቸው።"

"ተመስገን" አሉ። "ለዘነበች እነግራታለሁ። የመኮንን ድንኳን ለአንድ አገር ጠቀመ ማለት ነው። ተባረክ ልጄ።"

ያን ምርቃት ይዤ አንድ ሳምንት ሰነበትኩ። ኖራው ዛሬም አለ፤ ጉድጓዱ መቆፈር የሚጀምረው ሐሙስ ነው። ይህን ማስታወሻ ነገ ጠዋት ለሊቀ መንበሩ እሰጣለሁ፣ ግልባጩን በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። አሥራ ሁለት ሜትር በስምንት፣ ከአጥሩ ውጭ፣ አፈሩ እንዳለ። ሟርተኛ ካላችሁኝ በሉኝ። ከዚያ አቃቂ እደውላለሁ። ጋሽ ወርቁ ለእትዬ ዘነበች ነግረዋቸው ይሆናል፤ እሳቸውንም በስልኩ አቅርቡልኝ እልና ለሁለቱም ያን ቀን ዝም እንዳልኩ እነግራቸዋለሁ።